ለጠገበ ሞተር ወናፍ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቆረቆረች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ እንጦጦን ሲወጣ ለሚያቃስት መኪና የአየር ማጉረሻ ቢገጠምለት የሚፈርድ አይኖርም። በአሜሪካ፣ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው ብሌንደን ታውንሺፕ ግን ከፍታው 300 ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ አየር የተረፈው ሜዳ በመሆኑ፣ እዚያ ለስፖርት መኪናው ሱፐርቻርጀር የሚያስገጥም ሰው ርኅራኄው ከአስተናጋጅም ያለፈ ነው፤ የጠገበውን ሞተር «በሞቴ» እያለ ያጎርሰዋል፣ የሚሞተው ግን ሞተሩ ነው።

ሱፐርቻርጀር ከሞተሩ ዋና ዘንግ በቺንጋ እየተሽከረከረ አየርን ጨምቆ ወደ ሲሊንደር የሚነፋ መሣሪያ፣ ባጭሩ ወናፍ ነው። ንጽጽሩ ስድብ አይደለም፤ በጎረቤት ኢንዲያና፣ በኮነርስቪል ከተማ የሩትስ ወንድማማቾች በ1860 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኙበትና እስከ ዛሬ አንዱ የሱፐርቻርጀር ዓይነት በስማቸው የሚጠራበት ማናፈሻ ለብረት ማቅለጫ ምድጃም ያገለገለ ነው። ቀጥቃጭ ብረቱ ከልክ በላይ ሲግል ወናፉን ያቆማል፤ ባለስፖርት መኪናው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ ሞተሩ ራሱ ደግሞ መልሶ ይጨምቀዋል። ሙቀቱ ልክ ሲያልፍ፣ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ገና ሳይደርስበት የቀረው የነዳጅና የአየር ድብልቅ በራሱ ይፈነዳል፤ ማንኳኳት የሚባለው ይህ ሲሆን፣ የፒስተኑን ፋሻ የሚሸከመውን ስስ ጠርዝ ይሰብራል፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ያበላሻል፣ ብሮንዚናውን ይቀጠቅጣል። ከፋብሪካው ሱፐርቻርጀር ይዞ የወጣውን የ2009 እ.ኤ.አ. የስፖርት መኪና፣ ኮርቬት ዜድ አር 1ን የሠሩት መሐንዲሶች ይህን ፈርተው በመደበኛው ኮርቬት 10.7 ለ1 የነበረውን የጭመቃ መጠን ወደ 9.1 ለ1 አወረዱ፣ ተቀጥቅጦ የተሠራ ፒስተንና የታይታኒየም ቢዬላ ጨመሩ። ያሳዝናሉ፤ ቅዳሜና እሑድ በግቢ ጋራዥ፣ ያለ ፒስተን ለውጥ በቁልፍ ብቻ የሚያልቀውን ሥራ እንዲህ አከበዱት።

ዋስትናም አያሳስብም፤ የ1975 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የዋስትና ሕግ ፋብሪካው ባዕድ ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ ጥገናን እንዳይነፍግና ጉዳቱን ያመጣው ዕቃው መሆኑን እንዲያሳይ ያስገድደዋልና፣ የተሰበረው ፒስተን ራሱ በምስክርነት ይቀርባል።

ኮሎምበስን የሚዞረውና በብሌንደን በኩል የሚያልፈው ኢንተርስቴት 270 አውራ ጎዳና ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 65 ማይል ነው፤ የ2009ኙ መደበኛ ኮርቬት ያለ ወናፍ፣ በሁለተኛ ማርሽ ይደርስበታል።