ታናሹ ታላቅ የሆነበት ፊልም

በልጅነታችን ዴክ ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ካየናቸው ፊልሞች ሁሉ «ፍላይት ኦቭ ዘ ናቪጌተር» ከልቤ አልወጣም። ትዝ የምትለኝ ግን መንኮራኩሯ ብቻ ነበረች፤ መገጣጠሚያ የሌላት፣ ሰማዩና ዛፉ ገላዋ ላይ የሚታይባት፣ ደረጃዋ ቀልጦ የሚወርድ። ፊልሙ በወጣበት በ1986 እ.ኤ.አ. ይህን በኮምፒውተር መሥራት ገና ብርቅ ነበር። የአዘጋጁ የራንዳል ክላይዘር ወንድም ጄፍ ክላይዘር የኮምፒውተር ምስል ባለሙያ ነበርና ሥራው ላይ እጁ አለበት። በታሪኩ ውስጥ ያለው ታናሽ ወንድምም ጄፍ ይባላል። ይህን ሳውቅ ፊልሙን እንደገና ማየት አማረኝ።

እሁድ ከሰዓት የእህቴን ልጆች ሰብስቤ ከፈትኩላቸው። ጊዜው ጁላይ 4፣ 1978፤ ቦታው ፎርት ላውደርዴል፣ ፍሎሪዳ። የ12 ዓመቱ ዴቪድ የ8 ዓመት ወንድሙን ሊያመጣ በጫካ ሲያቋርጥ ገደል ይገባል። ሲነቃ ወደ ቤቱ ይሮጣል። በሩን የሚከፍቱለት የማያውቃቸው አሮጊት ናቸው። ልክ እዚህ ላይ መብራት ጠፋ።

ላፕቶፑ ባትሪ አልነበረውም። የእህቴ ወንድ ልጅ «ቤተሰቦቹ ሞተው ነው?» እያለ መቀመጫ ሲነሳኝ፣ ፊልሙ ያለበትን ፍላሽ ይዘን ጀነሬተር ወዳላቸው ጎረቤታችን ወደ እትዬ ቤት ሄድን። እዚያ እንግዶች ኳስ እያዩ ነው። ቡናችንን እየጠጣን እስኪያልቅ ጠበቅን። ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ ፍላሹን አላነብም አለ፤ የእትዬ ልጅ ወደ ራሱ ኮምፒውተር ገልብጦ በገመድ እስኪያገናኝልን መሸ።

መምሸቱ ግን እትዬን አብረውን እንዲያዩ አደረጋቸው። ፖሊሶች ዴቪድን ወደ ወላጆቹ ሲወስዱት አባትየው ሸብቷል፤ 1986 ሆኗል። ልጁ ያው 12 ዓመቱ ነው፣ ታናሹ ጄፍ ግን የ16 ዓመት ጎረምሳ። እንግሊዝኛ የማይሰሙት እትዬ «አይ እናት! ይህን ሁሉ ዘመን አልቅሳ፣ አሁን ደግሞ ትላንት የወጣ መስሎ ሲመጣባት ምን ትበል?» አሉ። መንኮራኩሯ ገና አልተከፈተችም፤ የፊልሙ ትልቁ ነገር ግን አለፈ። በልጅነቴ ይህን ክፍል ቶሎ እንዲያልቅ እየለመንኩ ነበር የማየው።

ናሳ ውስጥ የዴቪድ አእምሮ ሲመረመር ፋሎን የምትባል 560 የብርሃን ዓመት የምትርቅ ፕላኔት ደርሶ በ4.4 ሰዓት መመለሱ ይታወቃል። የእህቴ ልጅ ሒሳብ ትወዳለች። «ብርሃን ራሱ ለመሄድ ብቻ 560 ዓመት ከፈጀበት፣ እዚህ እንዴት 8 ዓመት ብቻ አለፈ?» አለችኝ። ልክ ናት። በብርሃን ፍጥነት ቢሄድ ኖሮ ደርሶ መልሱ ምድር ላይ ከ1,100 ዓመት በላይ ይወስዳል፤ የሚቀበለውም ሰው አይኖርም። በፍጥነት የሚጓዝ ሰው ሰዓት ቀስ ማለቱ ግን አንስታይን በ1905 ያስረዳው እውነት ነው። ፊልሙ ሒሳቡን ያጎደለው እናትየው በሕይወት እንድትቆየው ነው፤ እኔ ይቅር ብዬዋለሁ።

መጨረሻው ላይ ዴቪድ ከናሳ አምልጦ በመንኮራኩሯ ሲበር፣ ጄፍ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ርችት እየተኮሰ ቤቱን ያሳየዋል። ዴቪድ ወንድሙን አይቶ አይወርድም፤ በመንገድ ላይ ሊጠፋ እንደሚችል እያወቀ መንኮራኩሯ ወደ 1978 እንድትመልሰው ይጠይቃል፤ ይደርሳልም። ልጁ አጨበጨበ፣ እህቱ ተቆጣች፦ «ጣሪያ ላይ ቆሞ የጠበቀውስ? እሱን ትቶት ሄደ እኮ!»

እኔ ዴቪድ ልክ ነው ባይ ነኝ። የተመለሰው የ8 ዓመቱ ጄፍ ወንድም አጥቶ እንዳያድግ ነው። እሷ ግን ያኛው ጄፍም ሰው ነው ብላ አልተቀበለችኝም፤ እናታቸው ልትወስዳቸው ስትመጣም እትዬን ከጎኗ አሰልፋ ገና እየተከራከረችኝ ነበር።