ሳቁን ሰማችሁ፣ ሳጉንስ?

«ሰርግ ላይ ምን ሐዘን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ አንድ የሙሽራው ወገን። እኔማ ከቤቴ ይዤው አልመጣሁም፣ ወንድሜ! እዚያው ዘፈኑ ውስጥ አገኘሁት። አንተ ሳቁን ሰማህ፤ እኔ ሳጉን።

ሰርገኛ አናስገባም የሚባልበትን ዘፈን ማለቴ ነው። የጫካው ቡና ተለቅሞና ተሽጦ ጥር ሲገባ ቦንጋም እንደ አገሩ ሁሉ ትደግሳለች። በካፊኖኖ ሲዘፈን ቆይቶ የአማርኛው ይነሳል። እህቶቿ፣ የአክስቷ ልጆች፣ አብሮ አደጎቿ በሩን ይይዛሉ። ሚዜዎቹ ይገፋሉ፣ ይለምናሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ቃሉን ልብ ብሎ ለሰማ ግን ነገሩ እምቢታ ነው። ልጃችንን አንሰጥም ነው የሚሉት፣ ያውም ከበሮ እየመቱ።

«ለወጉ ያህል ነው እንጂ ከልባቸው መች ሆነና!» ይላል ሚዜው። ከልባቸው ካልሆነ የታናሽ እህቷ ድምፅ ለምን መሃል ላይ ሰለለ? እስኪ በጓዳ በኩል ዞር በልና እናትየውን እያት። በአንድ እጇ ለእናንተ ወጥ ታወጣለች፣ በሌላው የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ ይዛለች። ልጇ አዲስ አበባ ልትገባ ነው፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ! ነገ ጠዋት ቡናው ሲፈላ ሲኒ የምታቀርብላት ማን ናት?

«እምቢታውም ለቅሶውም የድሮ ነው፣ የድሮውን ዘመን አታንሺብን» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። የትኛውን ድሮ? የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን ወዳ ካገባች ክሱን ያስቀርለት ነበር። በሽማግሌና በዘመድ ተከባ «ወደድኩ» ያለችው ሁሉ ወዳ ነበር? ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚቀጣው፣ ጋብቻውም ከቅጣት አያድንም ያለው የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችል ነበር፤ 18 ይሙላት ያለው የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው። ይህ ድሮ አይደለም፤ የሙሽራዋ እናት ዕድሜ ነው። ተጠልፋ ለሄደች ልጅ ደግሞ ማንም በር ይዞ አልዘፈነላትም። እና ያቺ ምርኩዝ ይዛ ከዘፋኞቹ መሃል የቆመችው አያት፣ ለራሷ ማንም ያላለላትን እምቢታ ለልጅ ልጇ እያለችላት ቢሆንስ? እኔ ይህን ዘፈን የምወደው በዚህ ነው። ደስታው እውነት ነው፤ ደስታ የሆነውም ልጅቷ በፈቃዷ ስለምትወጣ ነው።

«እናቶች፣ ቶሎ በሉ፣ ፕሮግራም አለን» የሚል ደግሞ አለ፣ ካሜራ የተሸከመ። ፕሮግራምህ ይቆይ! 20 ዓመት ያሳደገች ሴት በሯ ላይ 20 ደቂቃ ብትቆም ምን ይበዛባታል?

ስለዚህ የዘንድሮ ሚዜዎች፣ በሩን አትግፉ፤ የያዙት ሴቶች ራሳቸው እስኪለቁት ቁሙ። ዲጄውም ድምፅ ማጉያህን ዝቅ አድርግ፣ የእነሱ ድምፅ ይሰማ። ስትገቡም ከማዕዱ በፊት ጓዳ ግቡና የእናትየውን ጉልበት ሳሙ።