ታይሚንጉ እየተመላለሰ የሚዛባ ፒካፕ እንዲኖርዎ

ዛሬ ተስተካክሎ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ታይሚንጉ እንደገና የሚዛባ ፒካፕ የሚፈልግ ሰው አንድ ሐሳብ አጥብቆ ይያዝ፦ ታይሚንጉ ራሱ በሽታው ነው ብሎ ይመን። ይህን ካመነ የቀረው ስሕተት ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። ምክሩን በተገላቢጦሽ የማቀርበው ስሕተቱ የራሱ ቅደም ተከተል ስላለው ነው፤ እግር በእግር ከተከተልነው ችግሩ ለምን እንደሚመላለስ ይገባናል። ታይሚንግ፣ ማለትም ናፍጣው የሚረጭበትና ቫልቮቹ የሚከፈቱበት ቅጽበት፣ በገዛ እጁ አይንቀሳቀስም። ከቦታው ከለቀቀ ያንቀሳቀሰው ነገር አለ፤ ያ ነገር ሳይገኝ የሚደረግ ማስተካከያ ምልክቱን መሸፈን ብቻ ነው። በመንዝ ላለችው ለዘመሮና ለአካባቢዋ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አሮጌ ፒካፕ በግና ገብስ ገበያ ያደርሳል፣ ሲቸግርም ሕመምተኛ ይጭናል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአገለገሉ መኪኖች ላይ የሚከፈለውን ታክስ ከፍ ካደረገ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠግኖ መያዝ ለብዙ ሰው ብቸኛው መንገድ ሆኗል።

እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ የኢንጀክሽን ፓምፑን ብሎን ማላላት ነው፤ ያውም የነበረበት ቦታ ላይ ምልክት ሳያደርጉ። እንደ 2ኤል እና 3ኤል ባሉት የቶዮታ ሃይሉክስ የናፍጣ ሞተሮች አንዱ ታይሚንግ ቤልት ካምሻፍቱንም ፓምፑንም ያዞራል። ፓምፑ ሲላላ በመጠኑ ወደ ግራና ቀኝ ስለሚዞር አድቫንስ መስጠትም (መርጨቱን ማስቀደምም) ማዘግየትም የደቂቃ ሥራ ነው፤ ፈተናውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ቤልቱ በካምሻፍቱ በኩል አንድ ጥርስ ዘሎ ከሆነ ፓምፑን በማዞር ቫልቮቹ ወደ ቦታቸው አይመለሱም። የካምሻፍቱ ጥርስ 40 ነው ብንል አንድ ጥርስ 9 ዲግሪ ነው፤ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ስለሚዞር በክራንክሻፍቱ ላይ 18 ዲግሪ ይሆናል። የናፍጣው መረጨት ደግሞ በአንድና በሁለት ዲግሪ ልዩነት የሚታወቅ ነገር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር አንድ ዲግሪ የሚወስደው የሰከንድ 12,000ኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ፓምፑን በጆሮ እያዳመጡ ማዞር ሁለት ስሕተቶችን በአንድ የሞተር ፍጥነት ላይ ብቻ ማስማማት ይሆናል፤ መኪናው ቆሞ ሲሰማ ደኅና ነው፣ ዳገት ሲጀምር ይደክማል።

ሁለተኛው እርምጃ ጭስ አይቶ መፍረድ ነው። ጠዋት ነጭ ጭስ ካወጣ ታይሚንጉ ዘግይቷል፣ ጥቁር ካወጣም ያው ታይሚንጉ ነው ማለት። በመንዝ ደጋ ይህ ፍርድ ከየትም ይበልጥ ያሳስታል። 3,000 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ፓምፑ የከፍታ ማስተካከያ ከሌለው የሚረጨው ናፍጣ ግን አይቀንስም። አየር ሲያንስና ናፍጣ ሲበዛ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ታይሚንጉ በልኩ ቢሆንም። የውርጭ ጠዋት ነጭ ጭስም ከተቃጠለ ማሞቂያ ካንዴላ ሊመጣ ይችላል። አሁን ያ መኪና ጭነት ይዞ በጣርማበር አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ይውረድ። እዚያ ከፍታው 1,280 ሜትር ገደማ፣ የአየሩም ግፊት 86 በመቶ ያህል ነው። ደጋ ላይ ጉልበት እንዲያገኝ አድቫንስ የተሰጠው ሞተር ቆላ ሲደርስ ያንኳኳል፤ የቆላው መካኒክ ይመልሰዋል፤ ደጋ ሲወጣ እንደገና ይደክማል፤ የደጋው መካኒክ እንደገና ያዞረዋል። ሁለቱም በሰሙት ልክ እውነት አላቸው፤ መኪናው ግን በመካከላቸው ይጎዳል።

ደጋ ላይ ጥቂት አድቫንስ ይጠቅማል የሚል ሰው ተሳስቷል አልልም። በሳሳና በቀዘቀዘ አየር ናፍጣው ለመቀጣጠል ስለሚዘገይ ቀደም ብሎ ቢረጭ ይረዳል። ነገር ግን ይህ ተለክቶ የሚደረግ ነገር ነው፤ ከዚያም በፊት ፓምፑ ራሱ የሚሰጠው አድቫንስ እየሠራ መሆኑ መታየት አለበት። በእነዚህ ፓምፖች ውስጥ ፍጥነት ሲጨምር የውስጡ የናፍጣ ግፊት ትንሽ ፒስተን እየገፋ መርጨቱን ያስቀድማል። ፊልትሮው ከተደፈነ ወይም መስመሩ አየር ከሳበ ግፊቱ ይወርዳል፣ መርጨቱም ይዘገያል። ቤልቱ ሳይነካ፣ ብሎኑ ሳይላላ ታይሚንጉ ተዛባ ማለት ነው። ችግሩ እንዲመላለስ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ፊልትሮውን አይቀይር፣ የተጠራቀመውን ውኃ አያፍስ፣ አረፋ መኖሩን ለማየትም በመስመሩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ አይግጠም።

ሦስተኛው እርምጃ ቤልቱን ብቻ መቀየር ነው። በክራንክሻፍቱና በካምሻፍቱ ጫፍ ያሉት ኦይል ሲሎች ዘይት እያንጠባጠቡ አዲሱን ጎማ ያርሱታል፤ የመወጠሪያው ኩሽኔታ ካረጀ ቤልቱን ያላላዋል፤ ክራንክሻፍቱንና ጥርሱን የምታያይዘው ትንሽ ሽብልቅ ብረት ከተበላች ደግሞ ምልክቶቹ ሁሉ ቢገጥሙ እንኳ ሞተሩ ሲሠራ ይንሸራተታሉ። ዳሽቦርዱ ላይ የቤልት መብራት ያለው መኪና ከሆነ መብራቱን ማጥፋትም አለ። ያ መብራት ኪሎ ሜትር ይቆጥራል እንጂ ቤልቱን አያይም፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይበራል። ቆጣሪው ከተበላሸ ወይም ወደ ኋላ ከተመለሰ ምንም አይናገርም።

ኦይል ሲሉን፣ ኩሽኔታውን፣ ቤልቱን ሁሉ አንድ ላይ ለመቀየር ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው፤ ገቢው በአንድ መኪና የሆነ ሰው የሚጠይቀው ነውና። መልሴ የሚመነጨው ከሞተሩ አሠራር ነው። ቤልቱ ቢበጠስ በእነዚህ ሞተሮች ፒስተኑ ክፍት የቀረውን ቫልቭ ይመታል። ያን ጊዜ ቴስታታ ይወርዳል፣ ቫልቭ ይቀየራል፣ ክፍሎቹን ፍለጋም እስከ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይኬዳል። ኦይል ሲሉ የሚቀየረው ለቤልቱ ሲባል ሽፋኑ በተከፈተበት ሰዓት ስለሆነ የእጅ ዋጋው በአብዛኛው የተከፈለ ነው። መለኪያ የለንም፣ ጆሮ ይበቃል ለሚለው ደግሞ፣ የልምድ ጆሮ ማንኳኳትን በትክክል ይሰማል፤ ማንኳኳቱ ከፓምፑ ይሁን ከተበላሸ ኖዝል ግን አይለይም። የኖዝሎቹን የናፍጣ ቱቦ ማያያዣ አንድ በአንድ እያላሉ ድምፁ የቱ ላይ እንደሚለወጥ ማዳመጥ አንድ ቁልፍ ብቻ ይፈልጋል። መኪናው አርጅቷል፣ ምን ይጠበቃል የሚለውን አልቀበልም፤ የያረጀ ሞተር ታይሚንግ የሚንቀሳቀስበት ምክንያት እንደ አዲሱ ሁሉ ተፈልጎ ይገኛል።

የመጨረሻው እርምጃ ምንም አለመጻፍ ነው። ፓምፑ በስንት ኪሎ ሜትር ተነካ፣ ወደ የት ዞረ፣ የተሞከረው ዘመሮ ላይ ነው ወይስ ሸዋ ሮቢት፣ ኦይል ሲሉ ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም፤ ይህ ሁሉ በሾፌሩ ትዝታ ብቻ ይቅር። ሾፌሩ ሲቀየር የሚቀጥለው መካኒክ ሽፋኑን ከፍቶ በፓምፑ ፊት ላይ ሦስት አራት ጭረት ያገኛል፣ የትኛው የፋብሪካው እንደሆነ አያውቅም፤ እሱም አራተኛውን ወይም አምስተኛውን ጭሮ ብሎኑን ያጠብቃል።