ተጉመጥምጦ መትፋት

ሰው ቤት ገብቶ የቀረበለትን መትፋት ነውር ነው ተብሎ ላደገ መንገደኛ፣ በሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ የላንጌ ኮረብቶች ላይ ያለ የባሮሎ ወይን ጠጅ ቤት ግራ ያጋባል። ጎብኚው ብርጭቆውን ያሽከረክራል፣ ያሸታል፣ ይጉመጠመጣል፤ ከዚያ ባለቤቱ ዓይን ሥር ባልዲ ውስጥ እንትፍ! ባለቤቱ ቅር አይለውም፤ ባልዲውን ያቀረበው እሱ ነዋ።

የተተፋው ምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን ያንገበግበዋል። ባሮሎ የሚጠመቀው ኔቢዮሎ ከሚባለው ወይን ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ አመለኛ ዘር ነው። ቀድሞ ያቆጠቁጥና ለጸደይ ውርጭ ይጋለጣል፤ ዘግይቶ ይበስልና ከጥቅምት ዝናብና ጭጋግ ጋር ይተናነቃል። ፀሐይ የሚመታው፣ ኖራ የበዛበት ተዳፋት ካልሆነ አይመቸውም። ከ11 መንደሮች ክልል ውጭ ከበቀለ ባሮሎ አይባልም፤ ተጠምቆም ቢያንስ 38 ወር፣ ከዚያም ውስጥ 18ቱን በእንጨት በርሜል ካልቆየ አይሸጥም። ይህ ሁሉ ትዕግሥት ለአንድ እንትፍታ!

መኪና የሚነዳውስ ይባላል። እውነት ነው፤ የኢጣሊያ ሕግ በአንድ ሊትር ደም ከ0.5 ግራም በላይ አልኮል አይፈቅድም፣ የላንጌ መንገድም ጠመዝማዛ ነው። በቀን ብዙ ብርጭቆ የሚመዝነው ባለሙያም ካልተፋ ከሰዓት በኋላ ምስክርነቱ አይታመንም። የማይገባኝ ግን ሹፌር ይዞ የመጣው፣ ሥራውም ሌላ የሆነው ሰው ነው። ባሮሎ መልኩ ፈዘዝ ብሎ ሲያዩት የዋህ ይመስላል፤ አፍ ሲገባ ግን ድድ ያደርቃል። ባለሙያው ከድርቀቱ ጀርባ ያለውን ያነባል፤ አስመሳዩ ጣዕሙን ለባልዲው ሰጥቶ ድርቀቱን ይዞ ይወጣል።

እንግዲያ ውጦ «ግሩም ነው!» የሚለው ይሻላል? እሱንም እጠረጥረዋለሁ። ፊቱ ተጨማዶ አንደበቱ ሲያወድስ፣ ዕድሜውን ከወይኑ ጋር የኖረ ሰው አይታለልም፤ የተፋው ቢያንስ አልዋሸም። ባለቤቱ ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል አስተያየት ከመጠየቅ አይብ መቁረጥ የሚመርጠው። ቅባቱ ድርቀቱን ያለዝበዋል፣ ወይኑም ያኔ ይገራል። አይብ ጎርሶ የሚተፋ ደግሞ የለም። የሚያስቀው መጨረሻ ላይ ነው፦ የ38 ወር ልፋት ያለ ይሉኝታ ሲተፉ የነበሩት እንግዶች ሳህኑ ላይ አንድ ቁራጭ አይብ ሲቀር ይተፋፈራሉ። «አንተ ውሰደው»፣ «ኧረ አንቺ» ሲባባሉ ባለቤቱ አንስቶ ይጎርሳታል።