ቧሂት ላይ የተፈታው ክብ

ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን የሚወስደው መንገድ የሰሜን ተራሮች ፓርክን አቋርጦ በቧሂት በኩል ይሻገራል። ክረምት ነበር። የተሳፈርንበት አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ረዳቱ ከጎማው ስር ድንጋይ እየወተፈ፣ እኛ እየገፋን፣ ጉሙ ወርዶ መሸብን።

አጠገቤ የተቀመጠችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነበረች፤ ከስልጠና ወደ ቀበሌዋ እየተመለሰች። ክላሴሬን ስከፍት አየችና «ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ ቀስት ምንድን ነው?» አለችኝ።

የጤና ሪፖርት ከጤና ኬላ እስከ ሚኒስቴሩ የሚሄድበትን መንገድ የሣልኩበት ዳታ ፍሎው ዲያግራም ነው። ቶም ዴማርኮና ኤድዋርድ ዮርደን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ካስፋፉት ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። ሥራው ክብ፣ መዝገቡ ሁለት ትይዩ መስመር፣ ከውጭ ያለው ሰው ወይም መሥሪያ ቤት አራት ማዕዘን፣ መረጃው ቀስት፤ አለቀ። የምወደውም ለዚሁ ነው፤ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ያነበዋል። እሷም በስልኳ መብራት ከጤና ኬላ ተነስታ ጤና ጣቢያ፣ ወረዳ፣ ዞን፣ ክልል እያለች እስከ ሚኒስቴሩ በጣቷ ወጣች።

«ይቺኛዋ ቀስት ስንት ቀን ትፈጃለች?»

ቀስት ምን እንደሚያልፍ እንጂ መቼና በምን እንደሚያልፍ አይናገርም። የጤና ሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ይቆጠራል፤ ሪፖርቱ ቀኑን ጠብቆ መድረስ አለበት። የቧሂት ጭቃ ግን በንድፉ ሕግ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ከጎኑ በጽሑፍ መስፈር ይኖርበታል።

ጣቷን ወደ ጤና ኬላው መለሰች። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከባድ የሆነውን ሥራ የተሸከመው ይህ ደረጃ ነው፤ ንድፌ ላይ አንድ ክብ ነው።

«አንድ ልጅ ስከትብ ካርዱ ላይ እጽፋለሁ፣ የቤተሰብ ማህደሩ ላይ እጽፋለሁ፣ ታሊው፣ የቆጠራ ቅጹ ላይ እጽፋለሁ። ይሄ የት አለ?»

ክቡን እዚያው ወደ ትናንሽ ክቦች መፍታት ጀመርን። ከመዝገብ ወደ መዝገብ በቀጥታ ቀስት መሳብ አይፈቀድም፤ መሀል ላይ ሥራ መግባት አለበት። ያ ሥራ የእሷ እጅ ነው። አንድ ክትባት ሦስት ክብ ወጣው። ወረቀቱ ሳይቀር ታብሌት ሲጨመር ደግሞ አራተኛ ክብ ይመጣል፤ የሚጨመረውም እሷው ላይ ነው። ሶፍትዌር የሚያሠሩ ሰዎች በጀት ከመያዛቸው በፊት ይህን ንድፍ እንዲያዩት እፈልጋለሁ።