የግራ ጆሮ ድርሻ

ስቴሪዮ የተሠራው ለአንድ ጨዋ ሰው ነው። ይህ ሰው ከሁለት ስፒከሮች እኩል ርቆ፣ አንገቱን ሳያዞር፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ወሬ ሳይጀምር ዘፈኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዳምጣል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እዚህ ዘፈን የሚሰማው ሽንኩርት እየተከተፈ ነው። ወይም ስልኩ ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ቆሞ ነው። ወይም የቀኙ ስፒከር ከሞተ የቆየ ሚኒባስ ውስጥ፣ ረዳቱ በግራው ላይ እየጮኸበት ነው። ሁለት ጓደኛሞች አንድ የጆሮ ማዳመጫ ሲካፈሉማ ይብሳል። ለአንደኛዋ ሃይሃትና ጊታር ይደርሳታል፣ ለሌላዋ ቶምና ኦርጋን። ከዚያ አንዷ «አሪፍ ነው!» ሌላዋ «ኧረ ምኑም አይጥምም!» እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሰሙት አንድ ዘፈን አይደለም።

እኔ እቤቴ ዘፈን አቀናብራለሁ። ስቱዲዮዬ መኝታ ቤቴ ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ድራሙን የምሠራው በኪቦርድና በኮምፒውተር ነው፤ እውነተኛ ድራም ባስገባ ከታች ያሉት እማማ በማግስቱ ኮሚቴ ያስጠሩብኛል። (እሳቸው ንጋት ላይ ቡና ሲወቅጡ ኮሚቴው እንቅልፍ ላይ ነው።) ደግነቱ የዛሬ ሶፍትዌር ጉደኛ ነው። አንድ ድራመር ትልቅ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀምጦ እያንዳንዱን ከበሮ ቀስ አድርጎም አጥብቆም ሲመታ፣ ከቅርብም፣ ከአናቱ በላይም፣ ከክፍሉ ማዶም በተተከለ ማይክ ተቀድቷል። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ሆኜ በአመልካች ጣቴ አንዲት ቁልፍ ስነካ፣ ረግጬው የማላውቅ አዳራሽ ያስተጋባልኛል።

ጣጣው የአዳራሹ ስፋት ነው። ሶፍትዌሩ ገና ሲከፈት ሁሉን ነገር ግራና ቀኝ በትኖ ይጠብቅሃል። ቶሞቹ ከአንዱ ጆሮ ተነሥተው ሌላው ጆሮ እስኪደርሱ ሲንከባለሉ ለሰማ፣ የድራመሩ እያንዳንዱ ክንድ አራት ሜትር ነው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም።

አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ዘፋኝ አለ። ጎረቤቴ ነው፤ «ጋሼ» ይለኛል፤ ጋሼነቴ ግን ሚክስ እስኪጀመር ድረስ ነው። የመጀመሪያው ሙግታችን በሃይሃቱ፣ በድራሙ ጥንድ ሲምባል፣ ላይ ነበር። በቀኝ እጁ የሚመታ ድራመር ሃይሃቱን በግራው በኩል ያደርጋል፤ ከተመልካቹ በኩል ሲታይ ግን ቀኝ ላይ ነው። ሶፍትዌሩም ከድራመሩ ወንበር ነው ወይስ ከተመልካቹ ወንበር የምትሰማው ብሎ ያስመርጣል።

«ከድራመሩ ነው እንጂ ጋሼ! እኔ መድረክ ላይ ስቆም ሃይሃቱ በግራዬ ነው የሚመጣው።»

«ቲኬት የሚገዛው አንተ ነህ ወይስ ሕዝቡ?»

«ሕዝቡማ መች ሃይሃት ይሰማል?»

የሌለ ድራመር በየት በኩል ዞሮ እንደሚቀመጥ ስንሟገት ሻዩ ቀዘቀዘ።

ስቴሪዮን ጠልቼ አይደለም። የፈለሰፈውን ሰው እንኳ ከሩቅ እወደዋለሁ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ለፈጠራ መብቱ ያመለከተው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው። ነገሩ የተጀመረው ከሚስቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ ነው ይባላል፤ ተዋናዩ በስክሪኑ አንድ ጥግ ሲሄድ ድምፁ በሌላ በኩል መምጣቱ አናደደው። ሚስቱን ሲኒማ ጋብዞ ስለ ስፒከር የሚብሰለሰል ባል፣ ሙያው እንጂ ትዳሩ ብዙ አያስቀናም።

ከእሱም በኋላ ሞኖ፣ ሁሉን ድምፅ በአንድ መስመር የሚያወጣው ስልት፣ ዙፋኑን ቶሎ አለቀቀም። ቢትልሶች በ1967 «ሳርጀንት ፔፐር»ን ሲሠሩ ለሞኖው ሚክስ ተገኝተው ሲከራከሩ ከርመው፣ ስቴሪዮውን ለፕሮዲውሰሩና ለቴክኒሻኖቹ ትተው ነው የሄዱት። የቢች ቦይሱ ብራያን ዊልሰን ደግሞ በቀኝ ጆሮው ስለማይሰማ፣ በ1966 «ፔት ሳውንድስ»ን ያወጣው በሞኖ ነው። ለእሱ ስቴሪዮ ሰዎች የሚያወሩለት ነገር እንጂ የሚሰማው ነገር አልነበረም። ድራምን በትኖ የማስቀመጥ አመል ለእኛ ለማሽኖቹ ወገን የመጣው ወዲህ ነው። በ1980 የወጣው የሮጀር ሊን «ኤል ኤም 1»፣ የእውነተኛ ድራም ድምፅ በዲጂታል ተቀድቶ የገባበት የመጀመሪያው ድራም ማሽን፣ ለእያንዳንዱ ከበሮ የየራሱን መውጫ ሰጠው። መውጫ ከተገኘ ወዲያ ማን ይያዘው! ኪኩ በዚህ፣ ቶሙ በዚያ ሄደ።

ወደ ዘፋኛችን ልመለስ። ዘፈኑ ችክችካ ነው፤ ችክችካ ያለ ጭብጨባ አይሆንም። ልጁ እኔ ሳልኖር ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ አንዲቷን የጭብጨባ ድምፅ ቀድቶ ደገማት፤ አንዷን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሌላዋን ወደ ቀኝ ወሰዳት፤ ከዚያ የቀኟን ሞገድ የሚገለብጥ ቁልፍ ተጫነ። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው እውነትም ጉድ ነበር። ጭብጨባው ከጭንቅላቴ አልፎ ግድግዳውን ጥሶ ኮሪደሩ ላይ ወጥቷል።

«እንዴት ነው ጋሼ?»

ምንም ሳልል የሞኖውን ቁልፍ ተጫንኩ። ኪኩ አለ፤ ስኔሩ አለ፤ ጭብጨባው የለም። አነሰ አላልኩም፤ የለም።

«ሰዎቹ የት ሄዱ?» አለ፣ ስፒከሩን ከጀርባው እያየ።

ግራው ወደ ላይ ሲል ቀኙ በዚያው ልክ ወደ ታች ይላል። ሁለቱ አንድ ስፒከር ላይ ሲገናኙ ድምሩ ዜሮ ነው። ያልገለበጠው ሰው ደግሞ አንዱን ጥቂት በማዘግየት ያሰፋዋል፤ ልጁም ያንን ሞከረ፣ በ10 ሚሊሰከንድ። ይሄኛው አይጠፋም፤ ይበላል እንጂ። በሞኖ ሲደመር 50 ኸርዝ ላይ፣ 150 ላይ፣ 250 ላይ፣ እንዲህ በየመቶው ወደ ላይ እየቦረቦረው ይሄዳል። የቀረው ጭብጨባ የቧንቧ ውስጥ ድምፅ ነበር የሚመስለው።

እኔ ድራም የማደላድለው መጀመሪያ በሞኖ፣ በአንድ ትንሽ ስፒከር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ነው። ሁለት ስፒከር ላይ ስኔሩና ጊታሩ ቢጣሉም ጎን ለጎን ስላሉ አይታወቅባቸውም። አንድ ስፒከር ላይ ግን አንዱ አንዱን ሲጫነው ወዲያው ይሰማል፤ እዚያው ታስታርቃቸዋለህ። ኪክና ስኔር መሀል ናቸው፤ በዚህ ክርክር የለም። ጥግ የተላከ ነገር ደግሞ ስቴሪዮው ወደ ሞኖ ሲደመር ከመሀሉ አንጻር ወደ 3 ዴሲቤል ይወርዳል። ጥግ ላይ ስታደምቀው ያመሸኸው ሃይሃት ሚኒባሱ ውስጥ ሲደርስ ሹክሹክታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በከበሮው ግን ተጣላን። የሀገራችን ከበሮ ሰፊና ጠባብ ሁለት ፊት አለው አይደል? ልጁ ሰፊውን ፊት ግራ፣ ጠባቡን ቀኝ ካላደረግን አለ።

«ስማ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ከበሮ እንዴት ብሎ ከግድግዳ ግድግዳ ይራራቃል? ሰውዬውን ለሁለት ልትቀደው ነው?»

«ጋሼ፣ አንተ ቆየህ እኮ።»

ከበሮው መሀል ቀረ። ስፋቱን የፈቀድኩት ለሲምባሎቹና ከክፍሉ ማዶ ለተተከለው ማይክ ነው። እዚያ ስቴሪዮ ያምራል፤ ቢጎድልም የሚታመም ነገር የለም።

የጭብጨባውስ መፍትሔ? ሁለት የተለያየ ጭብጨባ። አንዱን ድምፅ ቀድተህ ከደገምከው ገና ስትነካካው ከራሱ ጋር ይጣላል፤ ሁለት ጊዜ የተጨበጨበ ግን መቼም አንድ ዓይነት ስለማይሆን በሞኖም አይጠፋፋም። ስለዚህ ልጁንና እህቶቹን አልጋዬ ዙሪያ አቁሜ አንዴ ለግራ፣ አንዴ ለቀኝ አስጨበጨብኳቸው። ለቀኙ ገና ስንጀምር በሩ ተንኳኳ። እማማ ናቸው።

«ምን ጉድ ነው ይሄ? ሠርግ አለ እንዴ?»

«የለም እማማ፣ ዘፈን እየቀዳን ነው። ይቅርታ ያድርጉልን።»

«እንዲህ ነው የሚጨበጨበው?» አሉና ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ገቡ። ከሁላችንም፣ ከኮምፒውተሩም ጭምር፣ ምት የሚጠብቁ እሳቸው ሆነው ተገኙ። ለብቻቸው ቀዳኋቸውና ከኪኩ ጎን መሀል ላይ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ቦታ ማንም ሚኒባስ አያወርዳቸውም።

ሥራው አልቆ ልጁ ፋይሉን በፍላሽ ሲወስድ በሩ ላይ ቆም አለ።

«ጋሼ፣ ድራሙ አብዛኛው ሞኖ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እና ዋጋው ላይ ትንሽ እንነጋገራ። የተስማማነው ለሁለት ስፒከር ነበር።»

«ችግር የለም፣ ከአንዱ ኪስህ ብቻ ክፈለኝ።»

የታክሲ ዝርዝር ያለበትን ኪስ መረጠ።