ውዳሴ ፋንቦይስ

በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ከእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ከተገኙት ትሩፋቶች ሁሉ የቀዳሚነቱን ስፍራ ሊይዝ የሚገባው ፋንቦይስ የተባለው ባለሰባት ፊደል ቃል ነው፤ ይህ ቃል ተማሪው አንድም ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ፣ አንድም ሐሳብ ከሌላው ጋር ሳያጋጥም፣ የመስተጻምርን ትምህርት ከዳር እስከ ዳር ፈጽሞ እንዲወጣ አስችሎታልና። መስተጻምር ማለት ቃልን ከቃል፣ ሐረግን ከሐረግ፣ ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር የሚያያይዝ ቃል ሲሆን፣ ከእንግሊዝኛ መስተጻምሮች መካከል አንዱን የሌላው ጥገኛ ሳያደርጉ እኩዮችን ጎን ለጎን የሚያቆሙት ሰባት ናቸው ተብሎ ይቆጠራል፤ እነርሱም ፎር፣ ኤንድ፣ ኖር፣ በት፣ ኦር፣ ዬት እና ሶ ናቸው። የእያንዳንዳቸው የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፊደል ሲለቀም ፋንቦይስ ይሆናል፤ ተማሪውም ይህን ቃል ከሸመደደ በኋላ መስተጻምር ያውቃል ይባላል።

የዘዴው ጥቅም ተቆጥሮ አያልቅም። ወረቀት ይቆጥባል፣ ቀለም ይቆጥባል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መምህሩን ከማረም ያድናል፤ ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ ድምፅ «ፋንቦይስ» ሲል ስህተቱ የማን እንደሆነ አይለይምና። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ሲያያዙ ከመስተጻምሩ በፊት ነጠላ ሰረዝ እንደሚገባ፣ ሁለት ቃላት ብቻ ሲያያዙ ግን እንደማያስፈልግ የሚናገረው ክፍል በሾርት ኖቱ ግርጌ በአንድ መስመር ተወስኖ ይቀመጣል። ፎር ምክንያት ገላጭ ሆኖ ዛሬ ከመጻሕፍት ውጭ እምብዛም እንደማይሰማ፣ ኖርም በኋላው ያለውን የቃላት ቅደም ተከተል እንደሚገለብጥ የሚነግር አይገኝም፤ መነገሩም ሽምደዳውን ከማዘግየት በቀር የሚፈይደው የለም። ይኸው ጥበብ በጎጃም እርሻ ላይ ቢውል ኖሮ ሞፈር፣ ቀንበር፣ ዕርፍ፣ ድግር፣ ወገልና ማረሻ የሚሉትን ስሞች መነሻ ፊደል ለቅሞ በቃሉ የያዘ ጎረምሳ በሬ ሳይጠምድ በአርሶ አደርነት ይመረቅ ነበር፤ የመኸሩም ነገር በምርጫ ጥያቄ ይታይ ነበር።

ምርጫ ጥያቄ የዚህ ሥርዓት ዘውድ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ስለ ደነገገ፣ ተማሪው ፊዚክሱንም ታሪኩንም «ይህ ስለሆነ ያ ሆነ፤ ይህ ግን አልሆነም» እያለ የሚያገናዝበው በእነዚሁ ጥቃቅን ቃላት ነው፤ ሆኖም ችሎታው የሚለካው ባዶ ቦታ ባለው ዓረፍተ ነገር ሥር ከተደረደሩት አራት ፊደላት አንዱን በማጥቆር ነው። የተለመደው ጥያቄ «ጠንክራ አጠናች፣ ባዶ ቦታ፣ ፈተናውን ወደቀች» የሚል ዓይነት ሲሆን ትክክለኛው መልስ በት፣ በአማርኛው ግን ነው። ሶን፣ ማለትም ስለዚህን፣ የመረጠ ተማሪ ነጥብ ያጣል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ የ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ፣ ያ ተማሪ የአጠናኑን ዘዴ ከውጤቱ ጋር ያያያዘበት መስተጻምር ከመልስ ቁልፉ ይልቅ ለእውነት የቀረበ አልነበረም ለማለት ይከብዳል።

የፋንቦይስ ታላቅነት ጎልቶ የሚታየው ግን በክልከላው ነው፤ ከሰባቱ በአንዱም ቢሆን ዓረፍተ ነገር መጀመር ኃጢአት ነው ተብሎ ይሰበካል፣ የተገኘበትም ተማሪ በቀይ እስክሪብቶ ይከበባል። በአሜሪካ የአርታኢዎች መመሪያ ሆኖ የኖረው የቺካጎ መጽሐፍ ለዚህ ክልከላ ታሪካዊም ሆነ ሰዋስዋዊ መሠረት እንደሌለው ቢናገርም፣ ቺካጎ ሩቅ ስለሆነች ቃሏ ደብረ ማርቆስ አልደረሰም። የቅርቡን ምስክር ማየት ይሻላል። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ካሉት 31 ቁጥሮች 29ኙን በኤንድ፣ 27ኛውን በሶ ይጀምራል፤ ሕጉን ያከበረው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው፣ እርሱም ከፊቱ የሚያያዝበት ነገር ስላልነበረ እንጂ ሕግ ፈርቶ አይደለም። ከ31 አንድ ማለት 3.2 በመቶ ስለሆነ፣ የተርጓሚዎቹ ውጤት ከ2015 ዓ.ም. አገር አቀፍ ውጤት ጋር በነጥብ ቤት ሳይቀር ይገጥማል፤ በሚቀጥለው ዙር ይሻሻላሉ ተብሎ ተስፋ ሊደረግ ይችላል።

ሕግ ሕግ ከሆነ በእንግሊዝኛ ተወስኖ ሊቀር አይገባውም። የግእዙ ኦሪትም ከቁጥር ወደ ቁጥር የሚሻገረው ወ በምትባለው፣ በቃል ራስ ላይ ተለጥፋ በምትመጣው መስተጻምር ስለሆነ፣ እርማቱ ወደ ብራናው መዝለቅ አለበት፤ ለዚህም «የወ አስወጋጅ ግብረ ኃይል» የሚባል አካል በአስቸኳይ ተቋቁሞ፣ ማኅተም ተቀርጾለት፣ አበል ተመድቦለት፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የሁለት ቀን የግንዛቤ ማስጨበጫ ከተካፈለ በኋላ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ወደ ደብረ ወርቅና ወደ መርጡለ ማርያም ቢሰማራ ይበጃል። የግብረ ኃይሉ አባላት ቀይ እስክሪብቷቸውን መዝዘው ዳዊቱን፣ ኦሪቱንና ገድላቱን ገጽ በገጽ እያገላበጡ፣ በዓረፍተ ነገር ራስ ላይ የተቀመጠችውን ወ ሁሉ እየከበቡ ሲያርሙ አንድ ያልታሰበ ችግር ይገጥማቸዋል። በኢትዮጵያ የብራና ጽሕፈት ሥርዓት ቀይ ቀለም የክብር ቀለም ነው፤ የአምላክ ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ መጽሐፉ የተጻፈለት ጻድቅ ስም የሚለዩት በቀይ ነው። ስለዚህ ደብተራው በማግስቱ መጽሐፉን ሲከፍት ወ በየገጹ ቀልታ ያገኛታል፣ ምሥጢር ተገልጦላት ይሆናል ብሎም ይገምታል፤ ቁም ጸሐፊው ያንን ብራና ሲገለብጥ ቀዩን በቀይ ይጽፋል፤ ደቀ መዝሙሩ ሲያነብ ወ ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ጥቂት ቆይቶም ወ ስለ ምን ቀላች የሚል የትርጓሜ ክርክር ይነሣና ዲማ አንድ፣ ደብረ ኤልያስ ሌላ አንድምታ ያወጣሉ። ግብረ ኃይሉ ይህን ሲሰማ የሁለተኛ ዙር በጀት ይጠይቃል፣ ቀዩን ወ በሰማያዊ ለመሰረዝ። የአፈጻጸም ሪፖርቱ «ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳክቷል» ብሎ ለበላይ አካል ይላካል፤ ለአጋር ድርጅቶች ሲባል ወደ እንግሊዝኛ በተመለሰው ቅጂ ግን የመጀመሪያው አንቀጽ ራሱ በኤንድ ጀምሮ ስለሚገኝ፣ ሪፖርቱን የሚያርም ንዑስ ግብረ ኃይል ማቋቋም ግድ ይሆናል። የንዑስ ግብረ ኃይሉ ሰብሳቢ ስብሰባውን ሲከፍት «እና እንግዲህ» ብሎ ይጀምራል።

የቀሩትን መዘዞች በአጭሩ መንካት ይበቃል። በከተማው ሁለት ወዳጆች ሲገናኙ «እና?» ብለው የሚጀምሩት ጨዋታ ይታገዳል። «ወይስ» ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ በዲሲፕሊን ይታያል። በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት አድገው፣ በኋላ በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር የነበሩት ሐዲስ ዓለማየሁም ፋንቦይስን ሳይሸመድዱ እንዴት እንግሊዝኛ እንደ ቻሉ አጣሪ ኮሚቴ ሊሰየም ይችላል።

በ12 ዓመት ትምህርቱ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ጽፎ መስመር በመስመር የታረመለት ተማሪ ማግኘት ብርቅ ነው። ይህ ነውር ነው፤ ነውርነቱንም የተማሪ ብዛት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ የደመወዝ ማነስ ያቃልሉታል እንጂ አይሰርዙትም።

ተማሪው የሚሳሳተው ስለ ሰነፈ አይደለም፤ ስህተቱ ዘር አለው፣ ዘሩም የታወቀ ነው። አማርኛ «ምንም እንኳ ዝናብ ቢዘንብም ገበሬው ግን አረሰ» ሲል በአንዱ ዓረፍተ ነገር እንኳንም ግንንም ጎን ለጎን ያኖራል፣ ምንም ነቀፋ የለበትም፤ እንግሊዝኛ ግን ኦልዞውን፣ ማለትም ምንም እንኳን፣ ካስገባ በትን አያስገባም፣ በትን ካስገባ ኦልዞውን ያስወጣል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው አንዱን ሐሳብ ጥገኛ ሲያደርግ ሁለተኛው ሁለቱንም እኩል ስለሚያቆም በአንድ ጊዜ ጥገኛም እኩያም መሆን አይቻልም። ልጁ ሁለቱንም አስገብቶ ሲጽፍ አማርኛውን በትክክል ተርጉሟል ማለት ነው። እንደዚሁም አማርኛ «ጠዋት ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ትምህርት ቤት ሄደ» ብሎ ድርጊቶችን የሚያያይዘው በመስተጻምር ሳይሆን ቦዝ አንቀጽ በሚባለው፣ ነገሩን ሳይዘጋ ወደሚቀጥለው በሚያሳልፈው የግስ ቅርጽ ነው፤ እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ማለፊያ በር በብዛት ስለማይሰጥ ልጁ ወይ በየድርጊቱ መካከል ኤንድ ይሰካል፣ ወይም ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ ያሰልፋል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለማስረዳት የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ በቂ ነበር። ማስረዳቱ ግን አማርኛን ከእንግሊዝኛ አጠገብ አቁሞ ማነጻጸርን ይጠይቃል፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ መናገር ደግሞ በየግል ትምህርት ቤቱ እንደ ጥፋት ስለሚቆጠር፣ ልጁ የስህተቱን ምንጭ በሚያስረዳው ብቸኛ ቋንቋ እንዳይጠይቅ ይደረጋል፤ ከዚያም ፋንቦይስ ይታደለዋል።

የሚያበሳጨው ይህ ሁሉ የሚሆነው በጎጃም መሆኑ ነው። መስተጻምርን ከማንም በላይ በዝርዝር የመረመረ ትምህርት የሚገኘው ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉት የቅኔ ቤቶች ነው፤ የግእዝ ሰዋስው ሊቃውንት እነዚህን አያያዥና አሳላፊ ቃላት አገባብ ብለው ሰይመው፣ ዐቢይ አገባብ፣ ንዑስ አገባብ፣ ደቂቅ አገባብ ብለው በሦስት ከፍለው፣ እያንዳንዱ ቃል የት ገብቶ ምን እንደሚፈታ ያስተምራሉ። ቅኔ ቤትም ቢሆን ቃል በቃል ያስይዛል፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ያስይዛል፤ ነገር ግን ተማሪው አገባቡን ሁሉ አውቆ እስኪጨርስ አይጠበቅም፤ ሁለት ቤት ብቻ ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምርና፣ የቆጠረውን ቅኔ በየኔታ ፊት ይናገራል፣ የኔታም ቃሉ የጎደለበትን፣ ምሥጢሩ የላላበትን ቦታ እዚያው ያርሙታል፣ ልጁ ያቃናና በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ከሁለት ቤት ወደ ሦስት፣ እያለም እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። የቆሎ ተማሪው የሚማረው በልመና እንጀራ ነው፣ ፕሮጀክተር የለውም፣ ሾርት ኖት የለውም፤ ያለው በየዕለቱ የራሱን ቃል የሚሰማና የሚያርም ሰው ነው።

የዘመናዊው ተማሪም በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት የራሱን ዓረፍተ ነገሮች በአንድ መስተጻምር አያይዞ ቢያመጣ፣ መምህሩም ሁሉን ማረም ባይችል በየሳምንቱ የአንድ ረድፍ ተማሪዎችን ደብተር ቢያርም፣ የሚጠፋው ጊዜ ከአንድ ክፍለ ጊዜ አይበልጥም፤ የሚያስፈልገውም ግብዓት ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ይህን ሐሳብ ለሚያቀርብ ሁሉ የሚሰጠው መልስ ግን አንድ ነው፦ ጊዜ የለም፤ ያ ክፍለ ጊዜ ለፋንቦይስ ክለሳ ተይዟል።